ደም በቀዝቃዛ ውሃ

ስልኬ አምስት ይላል፣ እኔ አሥራ አንድ፤
የሚያስማማን ነገር የዮተቦሪ ብርድ።
ስድስት ቁጥር ትራም በዝናብ ተነክሮ
ከድልድዩ ይመጣል፣ እንደ በሬ አቀርቅሮ።
ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን ለስልኩ ሰጥቷል፤
የእኔ ዓይን ብቻ መስኮቱ ላይ ቀርቷል፦
«የአዋቂዎች ትምህርት፣ ምዝገባ ተጀምሯል፤
ኖቬምበር አሥራ አምስት፣ እኩለ ሌሊት ይዘጋል።»
ሳምንት ሙሉ እያየሁ፣ ሳምንት ሙሉ ወረድኩ
ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ፣ ምንም እንዳላነበብኩ።

ሥራዬ ምድር ቤት ነው። ከላይ ሰው ይታከማል፤
የተኛበት አንሶላ በቱቦ ወደ እኛ ይወርዳል።
ነጩን ከሰማያዊው፣ ፎጣውን ከጋውኑ
ስለይ አሥራ ሁለት ዓመት ሄደ፣ ሳይታየኝ ቀኑ።
የሐኪሞቹን ኪስ እፈትሻለሁ፤
እስክሪብቶ፣ ማስቲካ፣ የብስክሌት ቁልፍ አወጣለሁ።
አንዴ የአንድ ተለማማጅ ማስታወሻ አገኘሁ፤
እርጥቡን ወረቀት ማድረቂያው ላይ ዘረጋሁ።
ፊደልና ቁጥር በቀስት ተሳስሮ፣
እንደ ጥልፍ ናሙና መስመር ለመስመር አምሮ፤
ስፌቱን አላውቀው፣ ዓይኔ ግን አልነሣ አለ።
አለቃዬ ጉኒላ «የማን ነው?» እንኳ ሳትል
ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

አንድ ነገር አውቃለሁ፣ ከጉኒላም በላይ፦
ደም በሙቅ አይታጠብም።
በሙቅ ካጠብሽው ክሩን ነክሶ ይሞታል።
ቀዝቃዛ ውሃ ስጪው፣ ዝም ብለሽ ጠብቂው፣
እንዳኮረፈ ልጅ ቀስ በቀስ ይለቃል።
ለአዲሷ ልጅ፣ ለሚሬላ፣ ይህን ሳሳያት
«ለምን?» አለችኝ።

ለምን።

እጄ የሚያውቀውን አፌ ስሙን አጣው።
«እንዲሁ ነው» አልኳት። «እንዲሁ ነው» ማለት
የአባቴ መልስ ነበር፣ ልጅ ሆኜ የጠላሁት።

ኮምቦልቻ፣ አሥራ አንደኛ ቢ፤ መምህር አስናቀ
ጣቱ በጠመኔ ነጥቶ፣ ቀመሩ ሳያልቅ ሰዓቱ አለቀ።
«ነገ እንቀጥላለን» ብሎ፣ ደወል ሲሰማ ወጣ።
ነገውን እኔ አልመጣሁም።

«ተምረሽስ?» ይላል ሴናድ፣ የቱዝላው መሐንዲስ፣
የአንሶላውን ጫፍ ይዞልኝ፣ አጥፈን እስክንጨርስ።
በአገሩ ድልድይ ሠርቷል። ዛሬም አንሶላ ሲያጥፍ
ጠርዙ የፀጉር ያህል አይዛነፍ።
መልስ አልሰጠሁትም።

እውነቱን ነው ደግሞ። የሌሊት ጭማሪው ይቀራል፤ ኪራዩ አይቀርም።
ለእህቴ ለየሺመቤት የምልከው አይቀርም።
የያፌት እግር ማደጉን አያቆምም።
ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤ ከየትም ብጀምር
ሂሳቡ አንድ ቦታ ላይ ይነክሰኛል።

ማታ ያፌት ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘርግቶ
«እማ፣ ሞል ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ።
«ኖርድስታን ነዋ! ባለፈው ጫማ የገዛንበት!»
ሳቀ። ሳቅኩ።
የሱ ሳቅ ቶሎ አለቀ፤
የእኔ ሳህን እያጠብኩም ቆየ፣ ወደ ኋላ ግን
ሳቅ መሆኑ ቀረ።
የኬሚስትሪውን ሞል አስናቀ ጥቁር ሰሌዳ ላይ
ጽፎት ነበር። አይቼው ነበር።

ልጁ ሲተኛ ቅጹን ከፈትኩ። ስም። አድራሻ።
ያጠናቀቁት የመጨረሻ ክፍል፦ አሥረኛ።
አሥራ አንደኛን ለገፋሁበት ስድስት ወር
ሳጥን የለውም።
ከታች አንዲት ጠባብ መስመር፦ «መማር የፈለጉት ለምንድን ነው?»
ስለ ደመወዝ ጻፍኩ፤ አጠፋሁ።
ስለ ነርስነት ጻፍኩ፤ ያማረ ውሸት ሆነብኝ፤ አጠፋሁ።
«ሚሬላ ጠየቀችኝ» ብዬ ተውኩት።

ላክ የሚለው አረንጓዴ ነው።
ሳሙና የሰነጠቀውን ጣቴን ስልኩ አንዳንዴ አያውቀውም፤
ሁለቴ ነካሁት።

ነገም የጠዋት ተረኛ ነኝ። ማንቂያውን ለአሥራ አንድ ሞላሁት፤
አይ፣ ለአምስት።