ጠጋ በሉ

ገና አልነጋም። ጦሳ ጉሙን ተጀቡኗል፤
የኮምቦልቻው ሚኒባስ አፉን ከፍቶ ቆሟል።
ይመር በሩ ላይ ነው፣ ባንድ እግር ተንጠልጥሎ፣
«ጠጋ በሉ እስቲ!» ይላል፣ «አንድ ሰው ነው!» ብሎ።
እኔ ከኋላቸው፣ ላፕቶፔን ታቅፌ፣
ካንድ ባይት ጋር አድሬ፣ በስምንት ቢት ተሸንፌ።

መምህርት ዘምዘም ናት የቤት ሥራ የሰጠችን፦
«ስምንት ሰፈር አለ፤ ውሃው በፈረቃ ነው።
ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ቢት ይበቃዋል፤
አንድ ከሆነ ይፈሳል፣ ዜሮ ከሆነ ተዘግቷል።
ቀን ሲለወጥ ወደ ግራ ግፉት»
ብላ ጠመኔዋን አራግፋ ወጣች።

ቀላል መስሎኝ ነበር።
ሁለት ቀስት ወደ ግራ፣ ቁጥር አንድ፣ አለቀ።
ሲ ቋንቋ ቁጥብ ነው፤ አይመክር፣ አይቆጣ፤
ገደል ግባ ቢሉት ይገባል እንጂ፣ ቃል ካፉ አይወጣ።

መጀመሪያ አራዳ ጠጣ። ማግስቱን ሆጤ።
ሮቢት ተከተለ፣ ሰኞ ገበያም ደረሰው።
በስምንተኛው ቀን የኛ ሰፈር ተራ፦
ቧንቧ ውሃ ይባላል፣
ስሙን እየጠጣን የኖርንበት።
እናቴን አሰብኳት፣ ጀሪካኗን ደርድራ፣
«ዛሬስ መጣ!» ስትል፣ ጎረቤት ስትጠራ።

በዘጠነኛው ቀን
ጫፍ ላይ ያለው አንድ ወደቀ።
ኮሽ አላለም።
ስክሪኑ ላይ ስምንት ዜሮ ተሰለፈ፣
የስምንት ባዶ ጀሪካን አፍ፣
ከተማው በሙሉ ደርቆ።

«የወደቀው የት ሄደ?» እያልኩ ሳስስ ነጋ፤
ካንዱም ጎኑ አልነበረ፣ ከሰባቱ ዘንድ ጠጋ
ብሎ የሚጠብቅ። የለም። አልተመዘገበም።

«ጠጋ በሉ!» አለ ይመር።
ከፊቴ ያለው አግዳሚ ተንሸራተተ፤
ጉልበት ጉልበትን ገፋ፣ ዘንቢል ዘንቢልን ጫነ፣
በበሩ በኩል፣ በቀኝ፣ ባዶ ቦታ ተከፈተ።
በግራ ጫፍ ሐጂ ጦይብ
ጉንጫቸው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፦
«ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ሐረጎ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይመር ግን አልሳቀም፤
እጁን ዘርግቶ ሽማግሌውን አነሣ፣
በሰው ጉልበት ላይ እያሻገረ
አሁን በተከፈተው ቦታ፣ በሩ ጋ፣ አስቀመጣቸው።
«እርስዎ እዚህ ይሻልዎታል» አለ፣ ያው በቃ።

ጣቴ ቀድሞኝ ላፕቶፑን ከፈተ።
ሐረጎ ይጠማዘዛል፣ ፊደሉ ይዘላል፣
የቁጥሩን ግልባጭ ይዤ
ሰባት ጊዜ ወደ ቀኝ ገፋሁት።
ሰባቱ ተራገፉ፤ የጫፉ ብቻ ቀረ፣
በሩ ጋ ተቀምጦ።
ከዚያ በአንዲት ቀጥ ያለች ዘንግ፣
«ወይም» ናት ትርጉሟ፣
ከተገፉት ወንድሞቹ ጋር አገናኘሁት።

ዘጠነኛው ቀን። አራዳ ጠጣ።
አሥረኛው። ሆጤ።
ጉሙ ከኋላችን ቀረ፣ ጆሮዬ ተከፈተ፣
የኮምቦልቻ ሙቀት በመስኮት ገባ።

ከመስመሩ ጎን ማስታወሻ ጻፍኩ፦
«ሐሳቡ የይመር ነው»። መምህርቷ ትጠይቅ።

ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።
«ሒሳብ!»
«ተገኘ!» አልኩት፣ ሳቄ አምልጦኝ።
«ተገኘ አይባልም፣ ወንድሜ፤
ይከፈላል።»