ዐሥራ ሦስተኛው ዜማ

ሴጊን ከተማ ዳር፣ ከአሮጌ የጥጥ መዳመጫ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ከጀመረው የለም ድምፅ መቅረጫ፤
እዚያ ነው ስቱዲዮ ያቆምኩት፣ በገዛ እጄ፣
በእንቁላል ካርቶን፣ በአማቴ ምንጣፍ ግድግዳውን ጋርጄ።

በየካቲት ብርድ በሁለት አሮጌ መኪና ታጭቀው፣
የሲቦሎ ወንዝ ልጆች መጡ፣ ጉንፋናቸውን ይዘው፤
አምስት ሽማግሌ፣ አንዲት ሴት። ዋርዴል ሃስኪን ነው አለቃው፣
ቫዮሊኑን ከአገጩ ሳይሆን ከደረቱ የሚያስጠጋው።
«አላሞን ልንዘፍን ነው» አለኝ፣ «ዐሥራ ሦስት ቀን ተከበቡ፤
ለቀኑ አንድ ዜማ። ሒሳቡ ይኸው ነው፣ ሌላውን አታስብ።»

የነሱ ሙዚቃ ግን ጥንቱንም የጭፈራ ነው፣ የቅዳሜ ማታ፣
የቢራና የላብ፣ ተረከዝ የእንጨት ወለል ሲመታ።
«እንዴት ይጨፈራል» አልኩ፣ «በሰው ሞት?»
ቨርና ሳቀች፦ «ልጄ፣ ቴክሳስ ምን ያልጨፈረበት!»

ዐሥራ ሁለቱ ቀለሉ።
አንዱ በፈረስ ስለ ወጣ ደብዳቤ፣ መልሱ መንገድ ስለ በላው፤
አንዱ ከጎንዛሌስ መጥተው በሌሊት ስለ ገቡት፣
መግቢያ እንጂ መውጫ እንደሌለው ሳይጠፋቸው፤
አንዱ ከግቢው ስለ ታረደች የመጨረሻ ላም
(ይህን የጻፈው ራንስ ነው፣ ከበሮ መቺው፤
ከላም በቀር የሚያምነው ነገር የለም)።

ዐሥራ ሦስተኛው ላይ ኡላልዮ ካንቱ እጁን አነሣ።
ስቲል ጊታር ነው የሱ፣ ጭኑ ላይ ተጋድሞ በብረት የሚዳበስ፤
ሠላሳ ዓመት ከዋርዴል ቀኝ ተቀምጧል፣ ቃል ሳይተነፍስ።
«የአያቴ አያት እዚያ ነበር» አለ።
«እንዴ! ስሙ ታዲያ ከሐውልቱ አለ?»
«የለም። ከቅጥሩ ውጪ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ፣
መለከት ነፊ፤ ከሳልቲዮ በበረዶ በእግሩ የነዱት።»

ዝም።
ራንስ በትሩን ጉልበቱ ላይ አኖረ።
ማይክራፎኑ ሁሉ ክፍት ነበረ።
የማቀዝቀዣዬ ሆድ ሲያጉረመርም ቀረጽኩ፣
የዋርዴል ጥርስ ሲፋጭ ቀረጽኩ፣
«አጥፋው» እስኪሉኝ ጠበቅኩ።

«ምን ይሁንልህ?»
«ያን ማለዳ የነፋትን፣ ምሕረት የለም የምትለውን፣
በዚች ብረት ልበላት። አንዴ። ያለ ከበሮ፣ ያለ ቃል።»
«የጠላትን?»
«የልጁን።»

ዋርዴል ወጣ። ከመኪናው ጎን ቆሞ፣
ሲጋራ ካቆመ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ባዶ ጣቱን አጨሰ።
ደጁን ሳይዘጋ ገባ፤ ቫዮሊኑን ሣጥኑ ውስጥ አስተኛ፤
መብራቱን ቀነሰ።
«ቅረጽ» አለኝ።

ብረቷ በክሩ ላይ ተንሸራተተች።
መለከት አልመሰለችም፤ ብርድ የያዘው ከንፈር መሰለች።
አንድ ቦታ ሳተ። «ልድገም» አላለም፣ እኔም አላልኩት፤
ልጁስ ያን ንጋት አልሳተም ይሆን፣ በዚያ ውርጭ፣ በዚያ ፍርሃት?
ሁለት ደቂቃ ከሃያ። ማን መታ፣ ማን ተመታ፣
ለይ ብትሉኝ አልለይም፣ እስከ ዛሬ ማታ።

በመጋቢት፣ ጀርመኖች በሠሩት አሮጌ አዳራሽ ተመረቀ።
ጥንዶች እንደ ወትሮው መሐሉን ባዶ ትተው ዙሪያውን ሲዞሩ
(ከበባም እንዲህ ነው፣ ያኔ ግን አልታየኝም)
ዐሥራ ሦስተኛው መጣ፣ ከበሮው ቆመ።
አንዱ ባርኔጣ አወለቀ፣ አንዱ ቢራ ፍለጋ ሄደ፣
አንዱ ተሳድቦ ወጣ።
ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጆሯቸው የደከመ ባልና ሚስት ብቻ
መቆሙን ሳይሰሙ ቀጠሉ፤
ሽር፣ ሽር፣ ጫማቸው በእንጨቱ ላይ።
ኡላልዮ አያቸው፤ ዜማውን በእግራቸው ለካ።
ዋርዴል ከኋላ ቫዮሊኑን ከደረቱ አስጠጋ።
አልመታም። ያዘው ብቻ።

አልበሙ ብዙ አልተሸጠም።
የገዙት ግን፣ ሲያገኙኝ፣ ስለዚያች ዜማ መነሻ ይጠይቁኛል፦
«ከሩቅ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው? ሠራዊት ነው?»
ማቀዝቀዣዬ ነው።
ውስጡ እስካሁን ሦስት ቢራ አለ፣
ራንስ ረስቶት የሄደው።