ስገባ እንዲህ ነበር

ተንደር ቤይ። ኅዳር ነው። ሐይቁ ቆዳ ሊያበጅ
ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጎተራው በደጅ
የዓመቱን መጨረሻ መርከብ ያጎርሳል፤
ስንዴው በቧንቧው ውስጥ እንደ ዶፍ ይወርዳል።

ሚዛኑን የሚያዘው አሮጌ ፕሮግራም ነው፤
ጺሙ ሳይሸብት ነው ኤይኖ የጻፈው።
ሠላሳ አራት ዓመት የሞተር ጓጓታ
ጆሮውን በልቶበት፣ ሲያወራ በጩኸት፣ ሲስቅ በሁካታ፣
(የራሱ ድምፅ ለራሱ አይመለስማ)
ሊሄድ ነው ጡረታ።

"ይሄ ልጅ ግትር ነው" አለኝ ሲያስረክበኝ።
እውነቱን ነው። በሌላ ፕሮግራም አፍ ሲጠሩት አይሰማም፤
መጀመሪያ ይጠይቃል፦
"ከወዲያ ያለው ተርሚናል ነው ወይስ ቧንቧ?"
ቧንቧ ከሆነ፣ ጭጭ።

ስለዚህ ዋሸሁት።
ልጅ አድርጌ ወለድኩት ከፕሮግራሜ ሆድ፣
የውሸት ተርሚናል ዘረጋሁ ከፊቱ፦
አንዱ ጫፍ በእኔ እጅ፣ አንዱ ጫፍ በሱ ዘንድ፤
ሰማንያ ፊደል ወርዱ፣ ሃያ አራት መስመር ቁመቱ፣
ልክ እንደ ጥንቱ።
"አለ፣ ሰው አለ" ብሎ አመነኝ ምስኪኑ፤
ይቆጥርልኝ ጀመር ከኪሎ እስከ ቶኑ።

ግን ኤይኖ የሚነካው ቁልፍ ሁሉ ሳይፈተግ ሳይበጠር
ልጁ ዘንድ እንዲደርስ ብዬ
የኤይኖን ስክሪን ጥሬ አደረግኩት፤
ጥሬ፣ እንደ መርከቧ ስንዴ።
ማሚቶውን ነጠቅኩ። የኢንተርን ትርጉም ነጠቅኩ።
እንዴት እንደነበረ ሳልመዘግብ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ልጁ ወደቀ፤
የኔም ፕሮግራም ተከትሎት፣ ዕዳውን ሳይከፍል፣ አለቀ።
ስልክ።
"እጽፋለሁ፣ አይታይም! ገደል ገብቷል ፊደሌ!
እኔ ነኝ የሞትኩት ወይስ እሱ?"

ጥፋቱ የሟች ነው፣ ዲዳ የሆነው ግን ቤቱ፤
ቅንብር የሚያድረው በልጅ አይደለም፣ በወላጅም አይደለም፤
በስክሪኑ ነው፣ በራሱ።

"ኮንትሮልን ይዘህ ጄ ንካ!"
"ኬ?"
"ጄ! ከዚያ አር፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ። ከዚያ እንደገና ጄ!"
"ምንም አይታየኝም!"
"ሳታይ ጻፍ።"

ጻፈ። በሁለት ጣት፣
በጨለማ ቤት ግድግዳ እየዳሰሰ
ማብሪያውን እንደሚፈልግ እንግዳ።
ከዚያ በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ተመለሰ።

መርከቧ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደቡን ለቀቀች።
እኔ ሁለት መስመር ጨመርኩ፦
ከመንካትሽ በፊት የነበረውን ያዢ፤
በምንም ሞት ብትሞቺ፣ መልሰሽ ሂጂ።
(ከዘጠነኛው ምልክት በቀር። እሱ ኑዛዜ አያስጨርስም።)

ዓርብ ዕለት ኤይኖን ተንበርክኮ አገኘሁት፣
ከወንበሩ ሥር ብሎን ሲፈታ።
ወንበሩ ቁልቁል ወረደ፤
ለሱ ቁመት የማይሆን፣ ለኔም የሚያጥር።
"ስገባ እንዲህ ነበር" አለ፣
ጎተራው በሙሉ እስኪሰማ።