ስምንት ዳዶ

ታስኮ የብር ከተማ ናት፣ ገደል ላይ የተሰፋች፣
በነጭ ኖራ ተለቅልቃ ወደ ሸለቆው ያዘነበለች።
አቀበቷን የሚደፍር መኪና ከየትም አይመጣ፣
ቮቾ ካልሆነች በቀር፤ ጎባጣዋ፣ ውሃ የማትጠጣ፣
ነፋስ ብቻ ቀለቧ።

አባቴ ኦዲሎን ታክሲ ብሎ ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳት፣
ለእኔ ተረፈችኝ ከነሳሏ፣ ከነዕድሜዋ ብዛት።
ሳሏ ከማርሚታው ነው። ከቴስታታው ጋር በሚጋጠምበት
ጭስ ሾልኮ አጥቁሮታል፤ ፓፍ ፓፍ ይላል ዳገት ሲበዛበት።

ተኛሁ ከሥሯ። ስምንት ዳዶ፤ አራት በዚህ፣ አራት በሌላ፣
የቱ ዳዶ፣ የቱ ብሎን፣ ማን ይለይ? ዝገት ሁሉን በላ።

አባቴ ሲያስር አይታማም። ቁልፉን ይዞ ያቃስታል፣
«አንዴ ላይፈታ!» ይላል፤ ደግሞ ሩብ ዙር ይጨምራል።
በሁሉም እንዲሁ ነበር፦ የጫማው ክር፣ የበሩ መቀርቀሪያ፣
የእናቴ መውጫ ሰዓት፣ የእኔና የወንድሜ መዋያ።
እናቴን አልፈታትም።
እሷ ናት ተሰብራ የወጣች።

ሦስቱን በእሳት አባበልኳቸው፤ ከእሳቱ በኋላ የሻማ ሰም።
በየጥርሱ ሲሰርግ ጠበቅሁ፤ አልቸኮልኩም።
ሰሙ ሲገባ፣ ፍቺው ወጣ።
አራተኛው ግን ጢቅ አለ። እጄ ቀለለ፣ ልቤ ቆመ፣
ግማሹ በቁልፉ አፍ፣ ግማሹ በአሉሚኒየሙ ሆድ ከረመ።
ሁለት ቀን በትራፓኖ ቆፈርኩት፣
ለአባቴ በሕይወቱ ያልነገርኩትን እየነገርኩት።

ሁሉ ለብር ሽቅብ ሲወጣ፣ እኔ ወረድኩ ቁልቁል፣
ዶና ክሪሳንታ ዘንድ፤ ሚስማር በኪሎ፣ ቃል በግራም ወደምታድል።
«የማይዝገውን ይስጡኝ» አልኳት።
«ያምራል። ግን ሲግል የገዛ ወገኑን ይነክሳል፣
ጥርስ በጥርስ ተቆላልፎ ‹ሞቼ ነው ምለቅ› ይላል።»
«ይሄ ነጩስ?»
«ዚንክ ነው። ለአጥር፣ ለበር ማጠፊያ ይሆንሻል፤
እሳት ፊት ግን ልብሱን ጥሎ በወሩ እርቃኑን ያሳይሻል።»
«ናሱስ?»
«ናስ ልቡ ለስላሳ ነው። እጅሽ ከከበደ ጥርሱ ይረግፋል።
ግን ይፈታል። እሱን አልንቀውም።»

ከመሳቢያው ጥግ አንድ የሳል ከረሜላ ቆርቆሮ አወጣች፣
ክዳኑን በጥፍሯ ፈልቅቃ መዳፌ ላይ ገለበጠች፦
ቀላ ያለ፣ ድብዝዝ ያለ፣ እንደ ከረመ ሳንቲም፣
መዳብ የለበሰ ብረት። እንደ ብር አያምርም።
«ይሄ ሙቀት ያውቃል» አለች። «የምታስሪው አንቺ ነሽ፤
የሚፈታው ማን እንደሚሆን አታውቂም።»
ስምንት ቆጠረችልኝ፤ ዘጠነኛም ጨመረች።
«አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋል» አለች።

እሑድ፣ ሞተሩ እንደ ድንጋይ በርዶ፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ፣
በጣቴ ጀመርኩ፤ ዳዶው በራሱ ፈቃድ ጥርሱ ላይ እስኪመለስ።
የአባቴ ቁልፍ ግድግዳው ላይ ነው፤ ጉልበት እንዲጨምር ቱቦ የተቀጠለ።
አየሁት። አየኝ። እጄ ወደ አጭሩ ቁልፍ አዘነበለ።
እስኪይዝ አጠበቅሁ፤ ያዘ፤ ተውኩት።
መተው ነው የከበደኝ። እጄ የአባቴ እጅ ነው፤
ሩብ ዙር፣ አንዲት ሩብ ዙር፣ እያለ ሲለምነኝ ዋለ።

እስከ ተራራው ጫፍ ወጣን። አልሳለችም።
ያንን ሳል ሳልሰማ ያንን ዳገት ወጥቼ አላውቅም፤
አንድ ሰው ከኋላ ወንበር የወረደ መሰለኝ።
ማታ ስትበርድ ተመለስኩ፤ ሰባቱ ትንሽ ትንሽ ሰጡኝ፣
የተሰበረው ቦታ ያለው ግን ንቅንቅ አላለም።

ዘጠነኛው የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ነው።
ቁልቁለት ስወርድ ይንኳኳል።
እስካሁን አልጠፋም።