ወረፋ

ሪባን ሲቆረጥ ነው የደረስሁት እኔ፣
በመሥሪያ ቤት መኪና፣ ሹማምንት ከጎኔ፤
ቦኖው ተከፈተ፣ ውሃው ተንፎለፎለ፣
ጭብጨባው ቀለጠ፣ ሕዝቡም እልል አለ።
«ምን ተሰማሽ?» አልሁኝ አንዲት ሴት አቁሜ፤
«ተመስገን» አለችኝ፤ ቀዳሁ ደጋግሜ።
ሰባት ሰከንድ ድምጿን መክፈቻ አድርጌ፣
«ጥማቱ አበቃ» አልሁ ጉሮሮ ጠርጌ።
«ዘጋቢው ሰማኸኝ፣ ከጎንደር» አልሁና፣
ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፤ አዳሬም ደኅና።

ለካ ከዚያ ቦኖ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው፣
ቀድቶ የተመለሰ ጋዜጠኛው ነው።

በሦስተኛው ሌሊት ስልኬ አንቃጨለች፤
«ያ የሬድዮው ሰው ነህ?» ያቺው ሴት ነበረች።
«ስሜ ያለምዘርፍ ነው፤ ያለምወርቅ አልኸኝ፣
ዘርፌን ቆርጠህ ጥለህ ወርቅ ለጠፍህብኝ።
ከስሜ ላይ ጨምረህ ከቃሌ ቀነስህ፤
‹ተመስገን› ብልህ ጊዜ ሰሙን ይዘህ ሄድህ።
ሹም ቆሞ ሲያዳምጥ ምን ይባል ኖሯል?
ይህ አገር ጎንደር ነው፤ ወርቁ ይፈለጋል።
መኪናህ ሳይታጠፍ ቧንቧው ዝም አለ፣
ጀሪካኔም ቀረ እንደተጓደለ።
ስትመጣ ግን፣ ወንድሜ፣ መቅረጫ አትያዝ፤
ጀሪካን አንጠልጥል፤ ና ወረፋ ያዝ።»

ከሌሊቱ ስምንት። ብርዱ ይጋረፋል፤
አንገረብ ከበታች ሲሄድ ይሰማናል።
(ሲሄድ ይሰማናል፤ አይመጣም ወደኛ።)
ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ታሰሩ፣
በመካከላቸው ድንጋዮች ሰፈሩ።
«ድንጋዩስ ምንድን ነው?»
«ሰው ነው እንጂ» አለች።
«ያ ጋሽ ጓንጉል ነው፤ ዘበኛ ነው፣ ያድራል፤
ያቺ የስንዱ ናት፤ አራስ ናት፣ ይበርዳታል፤
ይኽ ሹሉ የጥጋብ፣ ባጃጅ የሚነዳው፤
ሲመሽ አስቀምጦ ሲነጋ የሚያነሣው።
ጠፍጣፋው፣ ከጥጉ፣ የባሌ ነበረ፤
ሞቶም ተራው አለ፤ ማንም አልደፈረ።»

ሰባት ሰከንድ ውስጥ ይህ የት ይገባ ነበር?
አልጠየቅሁም። ቆምሁ። ጆሮዬ ብቻውን ይሠራ ጀመር።

ይልቅ እነርሱ ጠየቁኝ፦
«ደመወዝህ ስንት ነው?
ያወራኸው ሲጠም የሚያቀናው ማን ነው?
እናትህስ ቤት ውሃ በየስንት ቀን ነው?»
መለስሁ። አፈርሁ። ደግሞም አብረን ሳቅን፤
አንዱ ጋቢውን ሰጠኝ፣ ለሁለት ተከናነብን።

ጎህ ቀደደ። ውሃ ግን የቀዳ የለም።
በጉልበቴ የጻፍሁትን አነበብሁላቸው፤
«ስምንት ቀን አይደለም፣ አሥራ አንድ ነው» አሉኝ፤
«‹ምስኪን› ያልኸውን ቃል አውጣልኝ» አለችኝ።
«ውሃ አጣን እንጂ ምስኪን አይደለንም፤
የቧንቧውን ቦይ ስንቆፍር ማንም አልረዳንም።»
ከጻፍሁት መካከል ግማሹ ተሰረዘ፤
የቀረው ከበደኝ፤ ጀሪካን ያህል ያዘ።

በማግሥቱ ጠዋት ዜናውን ስጀምር፣
ያስቀደምሁት ቃል «ተሳስቼ ነበር»፤
«ስሟ ያለምዘርፍ ነው። ውሃውም የለም።»
አለቃዬ ከመስታወቱ ማዶ አየኝ፤ አላቋረጠኝም።

ውሃ መጣ ወይ? ብትሉኝ እንግዲህ፣
ሐሙስ ሌሊት ትንሽ፤ ቅዳሜ ጭር አለ፤
«አበቃ» የሚል ቃል ከአፌ ኮበለለ።
ግን ከዚያ ሰልፍ መሀል፣ ከጠፍጣፋው አጠገብ፣
በከሰል ተጽፎበት አንድ ድንጋይ አለ፤
የእኔ ነው። ተራዬ ነው።
ስሜን ሲጽፉልኝ አንድ ፊደል ጎድሎ፣
አንዱም ቅርጹ ተዛብቶ፣
ሰማኸኝ መሆኑ ቀርቶ
«ስማኝ» ይላል።

አላረምሁትም።