ቀላል አፈር

ኦርሙር የተቀበረ ለት፣ በአይስላንድ ደቡብ ዳር፣
ቄሱ እጁን ዘርግቶ፣ ሣጥኑ ሲገባ አፈር፣
«አፈሩ ይቅለልህ» አለ፤ ሰውም «አሜን» አለ፤
ነፋሱም ሰማና ጸሎቱን ተቀበለ።

በሰባተኛው ዓመት፣ ግንቦት በባተ ማለዳ፣
ሚስቱ ስቴይኑን ወጥታ ከሣር ክዳኗ ጓዳ፣
አየችው።
ጉብታው ጠፍቷል፤ መስቀሉ ተጋድሟል ካጥሩ፤
የሣጥኑ ክዳን አግጥጦ ይቆጠራል ምስማሩ።

አፈሩ ቀለለው።
እጅግ ቀለለና እንደ ዱቄት ቦነነ፤
ባሕር ላይ ዘነበ፤ የዓሣ ራት ሆነ።

ማን አቀለለው?
ቅድመ አያቶች በመርከብ መጥተው የበርቹን ደን ቆረጡት፤
ማጭድ ሊቀጠቅጡበት አክስለው ጨረሱት፤
ከጉቶው ያቆጠቆጠውን በግ በላው ቅጠል በቅጠል፤
አያቷም፣ አባቷም፣ እሷም፤ አንዱን ነጥሎ መክሰስ ያስቸግራል።
ሱፉ ግን ይሞቅ ነበር። ይህንም መካድ አይቻልም።

እሳተ ገሞራ በተፋው አመድ ላይ የቆመ ምድር፣
ሥር ካልያዘው እንግዳ ነው፤ አንድ ሌሊት ነው የሚያድር።

ስቴይኑን አላለቀሰችም።
አርባ በግ ነበራት፤ ሠላሳ አራቱን ሸጠች፤
በዋጋቸው ሽቦና ካስማ ገዝታ ተመለሰች።
ብርዱ ሳይገባ በባሕሩ ዳር ጎንበስ ቀና ብላ፣
የአሸዋ ሣር ዘር ለቀመች፣ ከወፎች ተሽቀዳድማ፣ ከዛላው ፈልፍላ።
በነፋሱ አቅጣጫ ድንጋይ ካበች እስከ ደረቷ፤
ከካቡ ጀርባ ዘራችው፣ ጥፍሯ እየደማ፣ በጣቷ።

ጎረቤቷ ብራንዱር በፈረስ ሲያልፍ ሳቀ፦
«አሸዋ የሚያርስ ሰው! ይኸው ጉድ ታወቀ!
ስድስት በግ ያላት ሴት በዚህ ሁሉ ካስማ ታጥራ፣
ለመሆኑ ማንን ፈርተሽ ነው?»
«በጎችህን» አለችው፣ አንድ ካስማ ጨምራ።

በመጀመሪያው ዓመት ሣሩ አልበቀለም።
በሁለተኛው ሦስት እሾህ መሳይ ቅጠል፤ ከዚያ በላይ የለም።
በሦስተኛው ብራንዱር ቤቱን ዘግቶ ሄደ፤
አሸዋ በመስኮት ገብቶ አልጋው ላይ ወረደ።
ቁልፉን ለእሷ ሰጣት። ምን ልታደርግበት? እንጃ።

በአምስተኛው፣
ከካቡ ሥር፣ አንድ ክንድ ያህል፣ ሰማያዊ አረንጓዴ ፈትል፣
አሸዋን ከአሸዋ ሲሰፋ፣ ሲቋጭ፣ ሲጠቀልል፣
ነፋሱ ሊያልፍ መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደናቀፈ፤
ከያዘው አፈር ጥቂቱን፣ በጣም ጥቂቱን፣ አራገፈ።

ያን ዕለት ማታ ከቤቷ ጣሪያ ሦስት ቁራጭ ሣር ቆርሳ፣
ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ ተሸክማ አጎንብሳ፣
ኦርሙርን አለበሰችው። ቄስ አልጠራችም።
በእግሯ ረገጥ ረገጥ አደረገችው።
«ኦርሙር» አለችው፣
«አፈሩ ይክበድህ።»

ሌሊቱን ዘነበ። ጣሪያው አፈሰሰ።
ባልዲ ከሥሩ አኑራ ተኛች።