ሰሙ ተርብ፣ ወርቁ ዝንብ

ካራቫንኬ ግርጌ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጥድ ከጥድ ሲጠጋ፣ ጎማ ሲውጥ ጭቃ፣
አንዲት ጎጆ አለች ከመንደር የራቀች፣
«ውሻ አለ!» የሚል ጣውላ በሯ ላይ የሰቀለች።
ጓሮዋ ቀፎ ነው፣ ፊት ፊቱ የተቀባ፤
አንዱ ላይ ድብ አዳኙን ወደ ቀብር ሲያስገባ፣
ጥንቸሏ ጧፍ ይዛ የሐሰት ለቅሶ ታለቅሳለች።

ዐሥራ ስምንት ዓመት ደብዳቤ ሳመላልስ፣
ውሻ ሲጮህ አልሰማሁ፣ አላየሁም ምላስ።
ከደረጃው ላይ ግን፣ ማልጄም ብመጣ፣
አርባ ስድስት ቁጥር ቦት ጫማ አይታጣ፤
የወንድ ነው፣ ትልቅ፣ ጭቃው ያልደረቀ፤
ባለቤቱ ሎይዜ
መቃብር ከገባ ሰባት ዓመት ዘለቀ።

መጠጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ቪንኮ ይምላል፣
«ሎይዜ አልሞተም፣ ማታ ማታ ይስላል፤
ያ ሳጥን ባዶ ነው እኛ የቀበርነው»፤
ከአምስተኛው ብርጭቆ ወዲያ እምነቱ ይህ ነው።

ኔዣ ናት ሠሪዋ፤ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
ከድንቢጥ የማይከብድ መላ ሰውነቷ፣
ማታ ማታ ወጥታ፣ ቦቱን ጭቃ ነክራ፣
ታስቀምጠዋለች አፍንጫውን ወደ ጫካው አዙራ።
በሯ ከተንኳኳ፣ ሳትከፍት፣ ጠብቃ፣
ትስላለች እንደ እሱ፣ ከደረቷ ፍቃ።

በሐምሌ አንድ ቀን ጡረታዋን ይዤ፣
እንስላሉን ታክኬ በአጥሯ ሥር ተጉዤ፣
ቢጫና ጥቁር ጭረት ከፊቴ እዝዝ አለ፤
ዘለልኩ፤ ቦርሳዬ ወደቀ፣ ፖስታው ተንከባለለ።
ኔዣ ሣቀች ያኔ፣
በገዛ ድምፅዋ — ያልሰማሁት እኔ
በዐሥራ ስምንት ዓመት።

«ና ቅረብ፣ አትፍራ፤ ክንፏን ቁጠርላት፤
ተርብ አራት ሲኖረው፣ ይቺ ሁለት አላት።
ዓይኗስ የዝንብ አይደል፣ ፊቷን የሸፈነ?
የተርብ ቀንድ ረጅም ነው፤ የሷ ስላልሆነ፣
የፊት እግሯን አንሥታ፣ ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ታርገበግባለች ‹ቀንድ አለኝ እኮ› ብላ።»

በሁለት ጣቷ ያዘቻት። ያቺ አበባ ዝንብ
ጭራዋን ቆልምማ እንደ ቁጡ ተርብ
ወጋች፤ ደግማ ወጋች፤ ሦስተኛም ደገመች፤
ያለ መርፌ፣ ያለ ክር፣ ጣቷን ጠቀመች።

ቅኔ ናት፣ አልኩ በልቤ፤ ሰሙ ተርብ፣ ወርቁ ዝንብ።
ሌላው ቅኔ ሲፈታ ለጆሮ ይጣፍጣል፤
የዚች ግን የተፈታ ለታ
በወፍ አፍ ውስጥ ይጣፍጣል።

«በብድር ነው» አለች ኔዣ፣ «ይቺ የምትኖረው፤
የሆነ ቦታ፣ አንዲት ጫጩት ወፍ አፏ የተቃጠለው
በእውነተኛ ተርብ፣ በእውነተኛ መርዝ ነው።
ያ ሕመም ባይኖር ኖሮ አንድ ቀን አታድርም።»
ዝም አለች። ቀጥላ፦
«ሎይዜ የእንጨት ሌባ በአካፋ መትቶ
ጥርሱን አርግፎ ነበር፤ መንደሩ ያን አይቶ
እስከ ዛሬ ይፈራል። ይኸው በዚያ አድራለሁ።»
ከዚያም፣ ለንቦቿ እንደምታወራ ቀስ ብላ፦
«እኔም ቀምሻለሁ።»

ዝንቧን በያዘችበት ጣት መንጋጋዋን ነካች፤
ዝንቧ አመለጠች፣ እንስላል ላይ አረፈች።

የምለው አጣሁ። ፖስታዬን ለቀምኩ፤
ከደንብ ልብሴ ላይ ጭቃውን አራገፍኩ —
ቢጫና ጥቁር ነው፤ ያን ጊዜ አስተዋልኩ።

አሁን እዚያ ስደርስ፣ ሞተሬን አጥፍቼ፣
ጫካው እንዲሰማ ድምፄን አንሥቼ፣
«ሎይዜ!» እላለሁ፣ «ጤና ይስጥልኝ!
እንደው ይህን ውሻ አንዴ ያዝልኝ!»
መጋረጃው ትንሽ ነቅነቅ ይላል፤
ከበሩ ጀርባ
ሎይዜ ይስላል።